የሚጮኸው ሳጥን

አባቴ ሌላ ሴት እንደያዘ ያወቅሁት መኪናው መጮህ በጀመረ ሰሞን ነው።

መኪናው ነጭ ፔጆ ነበር። ምድር ባቡር ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከአብዮቱ በኋላ አገሩ ሲገባ ለአባቴ ለቆለት ሄደ። አባቴ ገብረወልድ የምድር ባቡር ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ይሠራል። ዝምተኛ፣ በዚያ በድሬዳዋ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። መኪናው ላይ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ባለ ካሴት ሬዲዮ ነበረ። አባቴ የሚከፍተው ግን ለዜና ብቻ ነበር። ዜናው ሲያልቅና ዘፈን ሲጀምር ጠቅ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ዘፋኙ አፉን እንደከፈተ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቅዳሜ፣ አገሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት በቀትሩ ሰዓት፣ ካሂንን ይዞ ከች አለ።

ካሂን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግን ሶማሌ ነው። ቀጭን ረጅም ነው፤ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ይታጠቃል፤ ካቻቢቴውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ ይሰካል። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። ከጆንያ ውስጥ አንድ ጥቁር ብረት አወጣ። ብረቱ ጀርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ አለው።

“አምፕሊፋየር ይሄ ነው” አለው አባቴን። “የሬዲዮውን ሹክሹክታ ተቀብሎ ጩኸት ያደርገዋል።”

እኔ መኝታ ቤት ተኝታለች ተብዬ በመስኮቱ መጋረጃ ሥር ቁጭ ብያለሁ። እድሜዬ ዘጠኝም አልሞላም። ነገሩ ከመጀመሪያው አልጣመኝም።

ያልጣመኝ በወንድሜ ምክንያት ነበር። ወንድሜ ወልደጻድቅ፣ እኛ ወልዴ የምንለው፣ በዚያው ሰሞን ሐረር አጎታችን ጋ ሄዷል። “ጸጥ ባለ ቦታ ለፈተናው ያጥና ብለን ነው” አለችኝ እናቴ። ሲሄድ አላየሁትም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ተነጥፏል። እሱ ከሄደ ወዲህ እናቴ ምግብ አትቀምስም። ልጁን አርቆ ልኮ፣ ሚስቱ እንዲህ ሆና፣ አባቴ ለመኪናው ጌጥ ያመጣል። እንደኔ ላለች ልጅ ይህ ሒሳብ ከባድ አልነበረም።

ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ወልዴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን የወሰደው ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ ስሙ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ጎረቤት ጠርተን ጠላ ቀድተናል። ግን እናቴ ያጥና ብለን ነው ስትለኝ አመንኳት። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ፣ ከየቀበሌው ወጣት እየተመለመለ ወደ ማሠልጠኛ የሚሄድበት ጊዜ እንደነበረም አውቅ ነበር። ያንን ከወልዴ ጋር አላያያዝኩትም። ሁሉን ነገር ያያያዝኩት ከአባቴ ጋር ብቻ ነበር።

ካሂን ዳሽቦርዱን ፈታ። ከውስጡ ባለ ቀለም ሽቦ እንደ አንጀት ዘረገፈ።

“ይሄ ሬዲዮ ለአምፕሊፋየር የሚሰጥ መውጫ የለውም” አለ። “ከስፒከሩ ሽቦ ላይ መጥለፍ አለብን። ግን እንዲሁ ካገናኘነው ጉልበቱ ይበዛበትና ይንጫጫል። መንገድ ላይ ትንሽ ማድከም ያስፈልጋል።”

“እሱን አውጥተህ ሌላ ሬዲዮ ለምን አትተካበትም?” አለ አባቴ።

“አቦ አይሆንም፣ ገብሬ! ፈታሽ አንገቱን ሲያስገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አዲስ ካየ ኮንትሮባንድ ነው ብሎ ያወርድሃል፣ ሁሉንም ይፈታታል። የፋብሪካው ቦታው ላይ ይቀመጥ። ፊቱ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ፊት ይሁን፤ ከኋላ የፈለግነውን እናደርጋለን።”

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ ስለ አባቴ የሚያወሩ መሰለኝ።

ከግቢያችን ግንብ ወዲያ የምትኖረው የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር እትዬ በለጠች ናት። ግቢያችን ውስጥ ድመት ብትወልድ ከእኛ ቀድማ የምታውቅ ሴት ነበረች። በማግስቱ ከልብስ አጣቢያችን ጋር ስታወራ ሰማኋት።

“ሸበቶ ሰው በመኪናው ሙዚቃ ማስገባት ከጀመረ የሚያስደንሳት አለችው ማለት ነው። ምስኪን ዘነበች!”

ዘነበች እናቴ ናት።

በቀጣዩ ሳምንት ሳጥኑ መጣ። ካሂንና አንድ አናጢ ተሸክመው አስገቡት። በጥቁር ጨርቅ የተለበጠ፣ የፔጆውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ እንደ ሰፌድ የተዘረጉ ሁለት ስፒከሮች አሉት። በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁት። ድምፁ የባዶ ቤት ድምፅ ነበር።

“እጅሽን አንሺ!” ብሎ ጮኸብኝ አባቴ።

ጮኾብኝ አያውቅም።  ካሂን ቶሎ ብሎ “አባዮ፣ ገና ሙጫው አልደረቀም” አለኝ። በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። ሙጫው ግን ደርቋል፤ ጣቴ ላይ ምንም አልነበረም።

ከኒሙ ዛፍ ኋላ ተደብቄ አዳመጥኳቸው።

“ትከሻው ይገባል?” አለ አባቴ።

“በጎን ከሆነ ይገባል። ለክቼዋለሁ።”

“መተንፈሻውስ?”

“በወንበሩ ጀርባ በኩል ከፍቼለታለሁ። የምፈራው ሙቀቱን ነው። አምፕሊፋየሩ ራሱ እሳት ነው፤ እዚያ ውስጥ አብሮ ከገባ ያፍነዋል። እሱን ከፊት ወንበር ሥር እናድርገው፣ ሽቦውን በምንጣፉ ሥር እስበዋለሁ።”

ስፒከር ትከሻ እንዳለውና እንደሚተነፍስ ያን ቀን ተማርኩ። ለክፍሌ ልጆችም ነግሬያቸዋለሁ።

ከዚያ ሙከራው መጣ። አባቴ ሞተሩን አስነሳ፣ ካሂን ካሴት አስገባ። ከሳጥኑ የወጣው ግን ዘፈን ብቻ አልነበረም፤ ቀጭን ፉጨት አብሮት አለ። አባቴ ነዳጅ ሲሰጥ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ሲለቅ ይወርዳል፤ ውስጡ አንድ ነገር ታፍኖ የሚያለቅስ ይመስላል። አባቴ ደነገጠ። ፊቱ ላይ ላቡ ሲወርድ አየሁ።

“ይሄማ አይሆንም! ይሄን የሰማ ሰው ምንድነው ብሎ ጆሮውን ያስጠጋል!”

“ዲናሞው ነው” አለ ካሂን፣ ሳይቸኩል። “ማሳው፣ የመሬት ሽቦው ማለቴ ነው፣ ተለያይቷል። ሬዲዮው አንድ ቦታ መሬት ይዟል፣ አምፕሊፋየሩ ሌላ ቦታ። በመሐላቸው ሐሜት ገባ። ሁለቱንም አንድ ቦታ ካሰርናቸው ዝም ይላል።”

ወለሉ ላይ ተኝቶ ከምንጣፉ ሥር የመኪናውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቀው። ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ ቡሎን አጠበቀ። ተነሥቶ “አሁን” አለ። ፉጨቱ ጠፋ። ዘፈኑ ብቻ መጣ፤ መጣ ስል ግን ከበሮው ደረቴ ውስጥ ገብቶ ነው የመታኝ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ እርግቦቹ ከጣራው ላይ ብር አሉ።

“በቃ! በቃ!” አለ አባቴ።

“የምን በቃ ነው” አለ ካሂን። “ዝም ያለ ሳጥን ሰው ይጠረጥራል። የሚጮህ ሳጥን ማን ይከፍታል?”

እናቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ ቁርጥ ሆነ።

ስሟንም የሰማሁት በዚያው ቀን ነው። ካሂን ዕቃውን ሲሰበስብ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ዩሩብ ምን አለች?” አለው።

“ዝግጁ ነኝ ብላለች። ሙሽራውን አምጡልኝ ነው ያለችው። ሐሙስ ከሆነ ግመሎቹም እዚያው ይሆናሉ።”

“ሙሽራው ተጨንቋል” አለ አባቴ። “ትናንት ሳየው እንቅልፍ የለውም።”

“ሙሽራ መቼ ይተኛል” ብሎ ካሂን ሊስቅ ሞከረ። አባቴ አልሳቀም።

ዩሩብ። ግመሎች። ሙሽራው።  አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ሶማሌ ሴት ሊያገባ ነው። ግመሎቹ ጥሎሽ ናቸው። እንቅልፍ ያጣው ሙሽራ ራሱ አባቴ ነው፤ “ትናንት ሳየው” ያለው መስተዋት ውስጥ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩ። በአእምሮዬ ዩሩብን ሣልኳት። ዓይኗ የተኳለ፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ጥርሷ ነጭ፣ እጇን እስከ ክንዷ ሂና የተቀባች ሴት ሆነች። ያቺን ሴት በሕይወቴ ማንንም ያልጠላሁትን ያህል ጠላኋት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ግቢው መሐል ወጥታ ጮኸች። እናቴ ማለት ሻጭ ሲያታልላት እንኳ “ይሁን” ብላ የምትመለስ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ነጠላዋን አሽቀንጥራ ጥላ፣ ፊቷን ወደ በለጠች ግንብ አዙራ፣

“ውሰዳት! ዩሩብህን ውሰዳት! በዘፈን አጅበህ አግባት! እኔን ግን ልጆቼ ፊት አታዋርደኝ!” አለች።

አባቴ የመኪናውን በር ይዞ አንገቱን እንደ ደፋ ቆመ።  ግንቡ ላይ የእትዬ በለጠች ሻሽ ብቅ አለ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ በለጠች በር ላይ ጠራችኝና ከረሜላ ሰጠችኝ።

“የኔ ቆንጆ፣ ወለቴ፣ ወንድምሽ ከሐረር መቼ ነው የሚመለሰው?”

“አላውቅም።”

“አባትሽስ የሚሄደው የት ነው?”

 ዩሩብንም፣ ግመሎቹንም፣ ሐሙስንም፣ ሳጥኑንም አንድ በአንድ ዘከዘክሁላት። ፊቷ በራ። “ወይኔ ጉዴ! ወይኔ ጉዴ!” እያለች ከንፈሯን መጠጠች። ስለ ወንድሜ ደግማ አልጠየቀችኝም። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ።

እናቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ሳቅ እያለች ነገረችኝ። ያንን ጩኸት ሦስት ጊዜ መኝታ ቤት ውስጥ ከአባቴ ጋር ተለማምደውታል። አባቴ አፍሮ “ይሄን አትበይ” ሲላት ጥቂት ቃላት ቀንሳለች። የጮኸችውም ለበለጠች ብቻ አልነበረም። “አንቺ እንደምትነግሪያት አውቄ ነበር” አለችኝ። “ሰው ስለ ውሽማ ሲያወራ ስለ ሌላ ነገር አያስብም።” እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሐሙስ ዕለት መኪናው በቀይና በነጭ ሪባን ተሸለመ። እናቴ አዲሱን ቀሚሴን አለበሰችኝ፤ ፀጉሬን ራስ ቅሌ እስኪወጠር ጎንጉና አሠረችው።

“ከአባትሽ ጋር ሠርግ ትሄጃለሽ” አለችኝ።

“የማን ሠርግ?”

“የካሂን ዘመድ ሠርግ። ፊት ለፊት ትቀመጫለሽ። ሰው ሲያይሽ ፈገግ በይ።”

 የእንጀራ እናቴን አይቼ እንድመጣ በገዛ እናቴ እጅ ተሸልሜ ልላክ ነው። አባቴ ሞተሩን ሲያስነሳ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። እናቴ የመጫኛው ክዳን ላይ እጇን ዘርግታ አስቀምጣለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መኪናው መንገድ ላይ እንዲሰበር የምትረግመው መሰለኝ። ደስ አለኝ፤ እኔም በልቤ አብሬያት ረገምኩ።

እያማተበች ነበር። ያማተበችው ደግሞ በባዶ ሳጥን ላይ ነው። ልጇ በዚያ ሰዓት ከደቻቱ ማዶ ካሂን ቤት ነበር። እዚያ ሄዳ ልትስመው አትችልም፤ የበለጠች ዓይን አለ።

መጋላ ካሂን ቤት ደርሰን መኪናው ግቢ ገባ፣ የቆርቆሮው በር ተዘጋ። ካሂን ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ግዢ ብሎ ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ላከኝ። ሙሸበኩን በወረቀት አስጠቅልዬ፣ ስኳሩ ጣቴ ላይ እየተንጠባጠበ ስመለስ መኪናው ዞሮ ቆሟል። አባቴ መሪው ላይ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ካሂን ከኋላ ገባ። እጁ ላይ የጥጥ ቁራጭ ተጣብቆ አየሁ።

“ሙሽራው መቼ ነው የሚመጣው?” አልኩ፣ አባቴን ለመውጋት ብዬ።

አባቴ ሞተሩን አስነሳ።

ከከተማው እንደወጣን ኬላው ጋ ደረስን። ገመድ መንገዱን ዘግቷል፣ ከጎኑ የሣር ዳስ አለ። ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ጠባቂ መጣ። ገና ጢም እንኳ በወጉ አላበቀለም፤ ከወልዴ የሚበልጥ አይመስለኝም። ሙቀቱ አሰልችቶታል።

“ምን ጭነሃል?”

“ስፒከር ነው። ሠርግ አለብን” አለ አባቴ። ድምፁ ተሰባበረ።

“ክፈተው።”

ካሂን ወርዶ ከፈተለት። ጠባቂው ሳጥኑን በጠመንጃው ሰደፍ ኳ አደረገው።

“ይሄ ሁሉ ስፒከር ነው?”

“ሁሉም” አለ ካሂን። “ትልቅ ድምፅ ትልቅ ሳጥን ይፈልጋል፣ ወንድሜ።”

“እስቲ አሰማን።”

አባቴ ካሴቱን ገፋ። ዘፈኑ ወጣ። ጠባቂው ፈገግ አለ። ከዳሱ ሌሎች ጠባቂዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዱ ጫማውን ሳያስር እየሮጠ መጣ።

“ጨምረው!” አለ ወጣቱ።

አባቴ ጥቂት ጨመረ።

“ጨምረው እንጂ አባት! ሠርግ አይደለም እንዴ!”

የአባቴ ጣቶች የሬዲዮው ማዞሪያ ላይ አሉ። አልዞሩም። ስስታም ነው ብዬ ተናደድኩበት፤ ለዩሩብ ያስቀመጠውን ሙዚቃ ለእነዚህ ምስኪኖች ሊከለክላቸው ነው። ወጣቱ ፈገግታው እየጠፋ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። ካሂን ተመልሶ ገብቶ ከኋላ ወንበር አንገቱን ወደ አባቴ ጆሮ አስጠጋ።

“ገብሬ፣ ጨምርለት።”

አባቴ አዞረው። እስከ መጨረሻው አዞረው።

መኪናው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከበሮው ከወንበሩ አልፎ ጀርባዬን መታኝ። ጠባቂዎቹ አጨበጨቡ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ አንዱ ጠመንጃውን መሬት አጋድሞ እስክስታ ወረደ። እኔ እንደታዘዝኩት ፈገግ አልኩላቸው። ዘፈኑ ሲያልቅ “ይደገም!” አሉ፤ ካሂን ከኋላ እጁን ሰዶ ካሴቱን አጠንጥኖ ደገመላቸው። ዞር ብዬ አባቴን አየሁት። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ያያል፤ እንባው እስከ ተቆለፈው አንገትጌው ድረስ ይወርዳል።

“አባት ዘፈን ይወዳል!” ብሎ ሳቀ ወጣቱ።

ሊያገባት ያሰባትን ሴት አስታውሶ ነው የሚያለቅሰው ብዬ አፈርኩበት። በመጨረሻ ከዳሱ ውስጥ አለቃቸው “አደነቆራችሁን እኮ! ልቀቋቸው!” ብሎ ጮኸ። ገመዱ ወረደ።

ካሂን ወዲያው ዘጋው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ጆሮዬ ውስጥ ሽው የሚል ነገር ብቻ ቀረ።

“ልቁም” አለ አባቴ። “ትንሽ ብቻ ልቁምና ልየው።”

“እንዳትቆም! ያዩናል።”

አባቴ ነዳጁን ረገጠው። “ልጄ” አለ። “ልጄ… ልጄ…”

“አቤት አባዬ” አልኩት።

ወደ እኔ አልዞረም።

መልካ ጀብዱን አልፈን፣ ከዋናው መንገድ ወጥተን፣ በግራር መሐል ብዙ ተንገጫግጨን ጥቂት ጎጆዎች ያሉበት ደረስን። ከጎጆው አንዲት ሴት ወጣች። ካሂን “ዩሩብ ይቺ ናት፣ አክስቴ” አለኝ።  አሮጊት ናት። ፊቷ የተሸበሸበ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ በዱላ የምትሄድ። ሙሽሪት ልትሆን አትችልም። እንግዲያው የሙሽሪት እናት ናት፤ ልጇን ጎጆ ውስጥ ደብቃታለች ብዬ ወዲያው ጥርጣሬዬን አስተካከልኩት።

“ካሌ፣ ካሌ” አለችኝ፤ ነይ ማለቷ ነው። እጄን ይዛ፣ ወተት በእንጨት ዕቃ አስይዛ፣ ወደ ግመሎቹ ወሰደችኝ። ወተቱን አልጠጣሁም። አንገቴን እየጠመዘዝኩ ወደ መኪናው አያለሁ፤ እሷ ደግሞ በዱላዋ ግልገል ግመል እያሳየች ልትሸፍንብኝ ትሞክራለች።

አንድ ጊዜ ሾልኬ አየሁ። ግራሩ ሥር ሽርጥ የታጠቀ፣ ራሱን በጨርቅ የጠቀለለ ረጅም ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። አባቴ ከኋላው ተንበርክኮ በመሐረቡ የሰውየውን ጆሮ ይጠርጋል። መሐረቡ ቀላ። ሰውየው ወደ እኔ ሊዞር ሲል አባቴ ትከሻውን ይዞ መለሰው።

“ማነው?” አልኩት ካሂንን።

“የዩሩብ ዘመድ ነው። ጆሮውን ታሟል።”

በኋላ ግመሎቹ ተነሡ፤ ረጅሙ ሰው ከሁለት እረኞች ጋር አብሯቸው ሄደ። በእግሩ እየተንገዳገደ ነበር። ጀርባውን ብቻ አየሁት። ወንድሜ ነበር። እዚያ ጀርባ ላይ እየታዘልኩ ነው ያደግሁት፤ በዚያ ሽርጥ ውስጥ ግን አላወቅሁትም።

ሠርግ አልነበረም። ስንመለስ እኔ “ሙሽሪት እምቢ አለች?” ብዬ ጠየቅሁ፣ አባቴ “አዎ” አለ። በዚያው ሰሞን ካሂን መጥቶ ሳጥኑንም አምፕሊፋየሩንም ነቃቅሎ ወሰደ፤ የፋብሪካውን ሬዲዮ ከድሮ ትንሽ ስፒከሩ ጋር መልሶ አገናኘው። ሰፈሩ ሳቀ። እትዬ በለጠች እናቴን “እንኳን ደስ አለሽ፣ ተመለሰልሽ” አለቻት። ቀበሌው ስለ ወልዴ ሲጠይቅ እናቴ “ከሐረር ዘምቷል ሲሉ ሰማሁ፣ ወሬው ጠፍቶብኛል” ብላ አለቀሰች። ለቅሶዋ የውነት ስለነበረ አመኗት። እኔም አመንኳት። አባቴን ግን ይቅር አላልኩትም። እስከማድግ ድረስ በዚያ መኪና ከፊት ወንበር አልተቀመጥኩም። አባቴ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ልጅ ምስጢር እንደማይችል ያየው በእኔው ነው፤ ባለ ውሽማ ሆኖ መታየቱን ቻለው።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ወልዴ ከጅቡቲ በባቡር መጣ። ለገሃር ቆመን ሕዝቡ መሐል ሳየው ስሙን እየጠራሁ በግራ በኩል ሮጥኩ። አልዞረም። ክንዱን ስይዘው ደንግጦ ዘለለ። ያን ቀን ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ተነገረኝ። እናቴ ነገረችኝ፣ ካሂን ነገረኝ፣ ወልዴ ራሱ ነገረኝ። “ጆሮዬ ላይ የወተፉልኝ ጥጥ ለመጀመሪያው በቅቶኝ ነበር” አለኝ። “ሲጨመር ግን ራሴ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ክር ተበጠሰ። እጄን ወደ ጆሮዬ ማንሣት አልቻልኩም፤ ቦታ የለም። መጮህም አልቻልኩም።”

አባቴ ይህ ሁሉ ሲነገር አልነበረም። ሻይ ላምጣ ብሎ ወጥቶ ቆየ።

ወልዴ ከዚያ ወዲህ አብሮን ኖረ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወንበር አውጥተው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። አባቴ ሁልጊዜ በወልዴ ግራ በኩል ነው ወንበሩን የሚያደርገው። መጀመሪያ እርጅና ያስረሳው መስሎኝ “አባዬ፣ በዚያ በኩል አይሰማህም እኮ” አልኩት። “እሺ” አለኝ፤ በማግስቱም እዚያው ተቀመጠ። ይህም አልጣመኝም፤ የልጅነት አመሌ አልለቀቀኝም። አንድ ቀን በመጋረጃው ሥር ቀረብ ብዬ አዳመጥኩ። አባቴ ወደ ወልዴ ግራ ጆሮ ዘንበል ብሎ፣ ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ በማይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ፣

“እኔ ነኝ የጨመርኩት። በዚህች እጄ ነው። ባልጨምረው ሳጥኑን ይከፍቱብህ ነበር፣ ወልዴ። እኔ ነኝ ግን። እኔ ነኝ” ይላል። ወልዴ መንገዱን ያያል።

ማታ ሳህን ስናጥብ መቻል አቃተኝ።

“አባዬ በማትሰማበት በኩል እኮ ያወራሃል” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለ። “ትንፋሹ ይሰማኛል።”

“ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ዞር ብትልለት?”

ሳህኑን አደረቀና ቦታው ላይ አስቀመጠው።

“ብዞር ዝም ይላል” አለኝ።